ልጄ የወንበዴዎቹን ፊልም ቀጣይ ክፍሎች አምጪ ይላል፣ ወንድሜ «ያ ሰውዬ ቤትሽ እንዳይገባ» ይላል

የሳሪሷ_እናት

ሰላም ለዚህ ቤት። ነገሩ ቀላል ነበር፣ ቤተሰብ ገብቶበት ተወሳሰበ።

የ12 ዓመት ልጄ ባለፈው ሳምንት «ፓይሬትስ ኦፍ ዘ ካሪቢያን» የሚባለውን ፊልም የመጀመሪያ ክፍል አየ። ከዚያ ወዲህ እንደ ሰው መራመድ ትቷል። ከሳሎን ወጥ ቤት የሚሄደው እንደ ካፒቴን ጃክ ስፓሮው እየተንገዳገደ ነው። አያቱ «ይኼ ልጅ ምን ቀምሶ ነው?» ብላ ደነገጠች። አሁን ደግሞ የቀሩትን አራት ክፍሎች በፍላሽ አስጭኚልኝ ብሎ ቁም ስቅሌን እያሳየኝ ነው።

ይህንን ለሳቅ ብዬ የቤተሰብ ግሩፓችን ላይ ጻፍኩት። ቨርጂኒያ ያለው ታላቅ ወንድሜ ከእንቅልፉ ተነስቶ መለሰልኝ። «ጃክን የሚጫወተው ጆኒ ዴፕ ማለት ትራምፕን ስለ መግደል የቀለደ ሰው ነው፣ ቤትሽ እንዳይገባ» አለ። እህቴ በሌላ በር መጣች። እሷ ቂሟ ከቀድሞ ሚስቱ ጋር በነበረው ክርክር ነው። ሁለቱ ላለፉት ሃያ ዓመታት በምንም ነገር ተስማምተው አያውቁም። በዚህ ተስማሙ!

ስለዚህ ሁለት ጥያቄ አለኝ። ቀጣዮቹ ክፍሎች ይታያሉ ወይስ የመጀመሪያው ይበቃል? ደግሞስ እናንተ ፊልም የምትመርጡት የአክተሩን ፖለቲካ እያያችሁ ነው?

ፊልም_ጫኚው

እህቴ፣ እኔ ኑሮዬ ፊልም መጫን ነው። እስከ ዛሬ አንድ ደንበኛ የአክተሩን ፖለቲካ ጠይቆኝ አያውቅም። የሚጠይቁኝ «ጥራት አለው? ካሜራ ኮፒ እንዳይሆን!» ብቻ ነው።

ለልጅሽ፦ ሁለተኛውና ሦስተኛው አንድ ታሪክ ናቸው። ሁለተኛው ልብ አንጠልጥሎ ያቆማል። እሱን አይቶ ሦስተኛውን መተው አቦል ጠጥቶ ቶና ሳይቀዳ ብድግ እንደ ማለት ነው። አራተኛው ለብቻው ይታያል። አምስተኛውን ፍላሹ ላይ ቦታ ከተረፈ።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። የሦስተኛው መግቢያ ላይ ሰው በገመድ ይሰቀላል፣ ሕፃን ልጅም አለበት። ብቻውን አታስቀምጪው።

አሌክሳንድሪያ_22

የወንድምሽ ጎረቤት ሳልሆን አልቀርም። ያለው ነገር ከባዶ የመጣ አይደለም።

በጁን 2017 (በፈረንጅ ነው የምጽፈው) እንግሊዝ አገር ግላስተንበሪ በሚባለው ፌስቲቫል ላይ ዴፕ መድረክ ላይ ቆሞ ስለ ትራምፕ እያወራ፣ ተዋናይ ፕሬዚዳንት የገደለው ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ነበር ብሎ ሕዝቡን ጠየቀ። ሊንከንን በ1865 የገደለው ጆን ዊልክስ ቡዝ አክተር ስለነበር ነው። በማግስቱ ይቅርታ ጠየቀ። መጥፎ ቀልድ ነው፣ ክፉ አላሰብኩም አለ። እንግዲህ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

እኔ የትራምፕ ደጋፊ አይደለሁም። ግን የመጣሁበት አገር የመሪ መገደል ቀልድ ሆኖ አያውቅም። እዚህም ሲያስቁበት ሆዴን ይቆርጠኛል። ደግሞ ገንዘቤ ድምፄ ነው። ትኬት ስቆርጥ ለማን እንደምከፍል የመምረጥ መብት አለኝ።

ዶሮ_ማነቂያ

ፊልሙን በፍላሽ በሃያ ብር የሚያስጭን ሰው «ገንዘቤ ድምፄ ነው» ሲል አልሰማሁም። ከዚያ ሃያ ብር ለዴፕ የሚደርሰው ስንት ይሆን?

ለማንኛውም ወንድምሽ አክተርና ፖለቲካ አይቀላቀሉ የሚል ከሆነ ሬገንን ምን ሊያደርገው ነው? ሰውዬው መጀመሪያ የፊልም ተዋናይ፣ ከዚያ የተዋንያን ማኅበር ፕሬዚዳንት፣ ከዚያ የአገር ፕሬዚዳንት። ሽዋርዜኔገርስ? የመጀመሪያው የወንበዴዎች ፊልም በጁላይ 2003 ሲወጣ በዚያው ወር ሦስተኛው «ተርሚኔተር» ሲኒማ ቤት ነበር። ኦክቶበር ላይ ሰውዬው የካሊፎርኒያ ገዢ ሆኖ ተመረጠ። ክፍል ሦስት ሠርቶ ሥልጣን የያዘ ሌላ ማን አለ?

አሌክሳንድሪያ_22

ቀልደኛ ነህ። መመረጥና ሰው ስለ መግደል ማውራት አንድ ነው?

ቁጥር_ወዳድ

ስሜቱን ትተን ገንዘቡን እንቁጠር። ሰው እውነት በፖለቲካ ተቀይሞ ፊልም ትቶ ከሆነ ቁጥሩ ላይ መታየት አለበት።

በዓለም ዙሪያ የገባው እንዲህ ነው። የ2003ቱ ወደ 654 ሚሊዮን ዶላር። የ2006ቱ 1 ቢሊዮን ከ66 ሚሊዮን ገደማ። የ2007ቱ ወደ 960 ሚሊዮን። የ2011ዱ 1 ቢሊዮን ከ45 ሚሊዮን። የ2017ቱ 795 ሚሊዮን።

አሁን ይኼንን ስሙ። በሴፕቴምበር 2003 ዴፕ ለአንድ የጀርመን መጽሔት በሰጠው ቃለ ምልልስ አሜሪካን ጥርስ ካላት ደደብ ቡችላ ጋር አመሳስሏት ነበር። ኢራቅ ጦርነት የተገባበት ዓመት ነው። አሜሪካ ተንጫጫች። እሱም ቃሌ ተጣሞ ነው የተወሰደው አለ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሁለተኛው ክፍል ወጣና በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት አሜሪካ ውስጥ ብቻ 135 ሚሊዮን ዶላር ሰብስቦ በጊዜው ሪከርድ ሰበረ። ቡችላ የተባሉት ሰዎች ናቸው የተሰለፉት።

በ2017ም የግላስተንበሪው ነገር የመጣው አምስተኛው ክፍል ከወጣ ወደ አንድ ወር ገደማ በኋላ ነው። ፊልሙ ቀድሞ ተዳክሟል። ለነገሩ የአሜሪካ ገበያው ከድሮ ጀምሮ እያሽቆለቆለ ነበር። ሁለተኛው እዚያው አሜሪካ 423 ሚሊዮን፣ ሦስተኛው 309፣ አራተኛው 241፣ አምስተኛው 172። ያቆያቸው የውጭ አገር ተመልካች ነው። ሰው የሸሸው የአክተሩን አፍ ሳይሆን ፊልሙን ነው።

ሚሚ_ሲልቨር

ቁጥር ወዳድ እጅ ነሣሁ! ግን የእህትየው ጉዳይ ሌላ ነው። እሱን ፖለቲካ ብለን ባናልፈው።

በ2020 ለንደን ላይ ዴፕ ሚስቱን ይደበድባል ብሎ የጻፈበትን ጋዜጣ ከሶ ተሸነፈ። በ2022 ደግሞ እዚሁ ቨርጂኒያ ፌርፋክስ ፍርድ ቤት የቀድሞ ሚስቱን አምበር ኸርድን ከሶ በአብዛኛው አሸነፈ። ዳኞቹ ለእሱ 10 ሚሊዮን ካሳና ከላዩ መቀጫ ፈረዱ፣ ለእሷም 2 ሚሊዮን ፈረዱላት። ሁለት አገር፣ ሁለት ውጤት። ያኔ እኛ ሰፈር ፀጉር ቤት ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም። የምሠራበት ቦታ ሁለት ሴቶች በዚህ ተኳርፈው እስከ ዛሬ ሰላም አይባባሉም።

እዚያ ችሎት ላይ ያሳቀኝን ልንገራችሁ። የእሷ ጠበቃ፣ ዲዝኒ 300 ሚሊዮን ዶላርና አንድ ሚሊዮን አልፓካ ቢሰጥህ እንኳ ወደ ወንበዴው ፊልም አትመለስም አይደል ብሎ ጠየቀው። አዎ፣ እውነት ነው አለ። አልፓካ የደቡብ አሜሪካ እንስሳ ነው፣ በግ ከግመል የተዳቀለ ይመስላል። አንድ ሚሊዮኑን የት ሊያስራቸው ነበር?

ዝምተኛው

ይኼን ሁሉ ስታወሩ አይገርማችሁም? የባሕር ወንበዴ ፊልም እኮ ነው። ሰይፍ፣ መርከብ፣ ዝንጀሮ። እዚያ ውስጥ ፖለቲካ መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ልጁ ይይ፣ ይሳቅ፣ ይተኛ።

መምህር_ዘባሕር

ልጄ ዝምተኛው፣ ላሟስ እዚያው ነው የዋለችው። ፊልም ጫኚው የጠቀሰውን የሦስተኛውን ክፍል መግቢያ እንደገና እየው።

አንድ ወታደር አዋጅ ያነባል። የመሰብሰብ መብት ታግዷል። ያለ ፍርድ ያለመታሰር መብት ታግዷል። ጠበቃ የማግኘት መብት ታግዷል። በእኩዮች የመዳኘት መብት ታግዷል። ከወንበዴ ጋር የተባበረ ወይም አብሮ የታየ ሁሉ ይሰቀላል። ከዚያ ረድፍ በረድፍ ይሰቅሏቸዋል። አንድ ሕፃን ገመዱ ጋ አልደርስ ብሎት በርሜል ላይ ያቆሙታል። ይኼ በ2007 ነው የወጣው። ጓንታናሞ በሚባለው የአሜሪካ እስር ቤት ሰው ያለ ፍርድ ታስሮ አሜሪካኖች ይጨቃጨቁ የነበረበት ጊዜ ነው። ያንን አዋጅ ያኔ ሲኒማ ቤት ተቀምጦ የሰማ ሰው ስለ 1700ዎቹ ብቻ ነው የሰማው?

ጠላቱ ማን እንደሆነም ተመልከት። ባለ ሰይፍ ጭራቅ አይደለም። ሎርድ ቤኬት የሚባል አጭር፣ ንጹሕ፣ ሻይ የሚጠጣ የኩባንያ ሹም ነው። ለእሱ ነገሩ ሁሉ ንግድ ነው። ኩባንያው መርከብ፣ ጦር፣ እስር ቤት አለው። እኔ በሕይወቴ ያየሁት የፊልም ክፉ ሰው ብዙ ነው። እንደ እሱ ያስፈራኝ ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም ቢሮ ውስጥ አግኝቼዋለሁ።

እርግጥ ታሪኩን አበላሽተውታል። የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በ1600 ተቋቁሞ ሕንድን የገዛ እውነተኛ ኩባንያ ነው፣ ካሪቢያን ግን ግዛቱ አልነበረም። የጃማይካዋ ከተማ ፖርት ሮያልም ፊልሙ ላይ እንደምታየው አላማረባትም። በጁን 7 ቀን 1692 የመሬት መንቀጥቀጥ መትቷት አብዛኛዋ ባሕር ገብታለች። አራተኛው ክፍል ላይ ያለው ወንበዴ ብላክቢርድም ከሞተ ብዙ ዓመት በኋላ ነው የሚመጣው፤ እውነተኛው በኖቬምበር 1718 ተገድሏል። ይኼን ለተማሪዎቼ ስናገር አንዱ «ቲቸር፣ ሰውዬው ቢሞትም መርከቡ አስማተኛ ነው» አለኝ። ዝም አልኩ።

ዝምተኛው

ጋሼ፣ ይቅርታ። እኔ ያኔ ፖፕኮርን እየበላሁ ነው ያመለጠኝ።

መምህር_ዘባሕር

ምንም አይደል። የወንበዴ ፊልም ከድሮም ፖለቲካ አይለየውም። በ1940 ኤሮል ፍሊን የሠራው «ዘ ሲ ሆክ» ሲጀምር የስፔን ንጉሥ የዓለምን ካርታ እያየ ሁሉም የእኔ ይሆናል ይላል። በዚያ ዓመት ሂትለር አውሮፓን እየዋጠ ነበር። እንግሊዝ ውስጥ ያንን ያየ ሰው ንጉሡ ማን እንደሆነ የሚነግረው አላስፈለገውም። መጨረሻ ላይ ንግሥት ኤልሳቤጥ መርከብ እንሥራ፣ ነፃነታችንን እንጠብቅ ብላ ትናገራለች።

ፍሊን ራሱ ደግሞ! በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ በ1937 እዚያ ሄዶ ዞሯል። ሊሞት አንድ ዓመት ሲቀረው ኩባ ገብቶ ከካስትሮ ጋር ነበር። የመጨረሻ ፊልሙ ስለ ኩባ አማፂ ልጃገረዶች ነው። የድሮው ጃክ ስፓሮው ማለት እሱ ነው።

ከዚያ በ1952 በርት ላንካስተር «ዘ ክሪምሰን ፓይሬት» የሚባል ሠራ። ሰርከስ የሚመስል ሳቅ በሳቅ ፊልም ነው። ከስክሪፕቱ ጀርባ ዋልዶ ሶልት የሚባል ጸሐፊ ነበረበት። ስሙን ግን ፊልሙ ላይ አታገኘውም። ኮሚኒስት ነህ ተብሎ ጥቁር መዝገብ ገብቶ ነበር። ዛሬ አክተር አንድ ነገር ተናግሮ ትዊተር ላይ ሲሰደብ ዋጋ ከፈለ እንላለን። ያኔ ዋጋ ማለት ስምህን ከገዛ ሥራህ ላይ መፋቅ ነው። ጥቁሩን ዘፋኝና ተዋናይ ፖል ሮብሰንን በ1950 ፓስፖርቱን ቀምተው ስምንት ዓመት ከአገር እንዳይወጣ አድርገውታል።

ዶሮ_ማነቂያ

ጋሼ፣ እንግዲህ በፖለቲካ ፊልም እንምረጥ ካልን ቻርልተን ሄስተንን ምን እናድርገው? በ1963 ከማርቲን ሉተር ኪንግ ጋር ዋሽንግተን የተሰለፈ ነው። በስተርጅና የጠመንጃ ባለቤቶች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነ። ፋሲካ በመጣ ቁጥር የምናየው ሙሴ እኮ እሱ ነው። የትኛውን ሙሴ ነው የምንከለክለው? ባሕር የከፈለውን ወይስ ጠመንጃ ያነሣውን?

ለንደን_ጭጋግ

ስለ አክተሮቹ አፍ ስንጨቃጨቅ ፊልሙ ራሱ የበደላቸውን ሰዎች ረሳን።

ሁለተኛው ክፍል ላይ ጃክ ደሴት ላይ በሰው በላዎች ተይዞ አለቃ ይሆናል። ሊበሉት ነው። በጣም ያስቃል፣ እኔም ስቄያለሁ። ያ የተቀረጸው በ2005 ዶሚኒካ ደሴት ላይ ነው። እዚያ የሚኖሩት ካሊናጎዎች፣ ድሮ ካሪብ የሚባሉት፣ የካሪቢያን ባሕር በስማቸው የተጠራላቸው ሕዝቦች ናቸው። አለቃቸው ቻርልስ ዊሊያምስ ያኔ ተቃወመ። አባቶቻችን ሰው በላ ተብለው ነው የተጨፈጨፉት፣ አሁን ደግሞ በገዛ መሬታችን ያንን ሐሰት ልትቀርጹ መጣችሁ አለ። ሌሎቹ ካሊናጎዎች ደግሞ ሥራው ጥሩ ነው ብለው አጃቢ ተዋናይ ሆነው ገቡ። እነሱንም አልፈርድባቸውም።

«ካኒባል» የሚለው ቃል ራሱ የመጣው ከእነሱ ስም ነው፣ ከኮሎምበስ ዘመን። ስምህ ስድብ ሆኖ ዓለም ላይ ሲዞር አስቡት። አፍሪካዊ ሆነን ስንታይ የሚመጣብንን የፈረንጅ ፊልም ምስል እናውቀዋለን፤ ድርቅ፣ ጠመንጃ፣ ጭፈራ። እኔ የዴፕ ቀልድ ያን ያህል አያንገበግበኝም። ያ ትዕይንት ግን አሁን ሳየው ይከብደኛል።

ኤልሳቤጥን የምትጫወተው ኪራ ናይትሊ በነገራችን ላይ በ2004 ኮሚክ ሪሊፍ ከሚባለው የእንግሊዝ የበጎ አድራጎት ድርጅት ጋር ኢትዮጵያ መጥታ ነበር። የመጀመሪያው ክፍል በወጣ በዓመቱ መሆኑ ነው። ከእኛ አገር የተነሣ ስለ ወንበዴው ፊልም የሚወራ እውነተኛ ነገር ያለኝ ይቺው ናት።

ከነታንያ

ሰላም። እኔ እስራኤል ነው የምኖረው። ስለ አክተር ፖለቲካ ከሆነ የእኔ ታሪክ ይኸውላችሁ።

በ2014 ክረምት ጦርነት ሳለ ፔኔሎፔ ክሩዝና ሃቪየር ባርደም ከሌሎች የስፔን ሰዎች ጋር አንድ ደብዳቤ ፈረሙ። እስራኤል ጋዛ ላይ የምታደርገውን ዘር ማጥፋት አሉት። እሷ የአራተኛው ክፍል ዋና ተዋናይት ናት፣ እሱ በኋላ የአምስተኛው ጨካኝ ካፒቴን ሆነ። ሁለቱም ብዙ ሳይቆዩ ሰላም ነው የምንፈልገው፣ ሕዝብ አልጠላንም ብለው ሌላ መግለጫ አወጡ። እሱ አቋሙን ግን አልቀየረም፣ በ2025 የኤሚ ሽልማት ላይ ኩፊያ የሚባለውን የፍልስጤም ሻርፕ አድርጎ ነው የመጣው።

እኔ ያኔ በጣም ተናደድኩ። ወንድሜ ግንባር ነበር። የእሷ ፊልም ቤቴ አይታይም አልኩ። ሚስቴ «እሺ» አለች። ከዚያ አንድ አርብ ማታ ከሥራ ስመጣ አራተኛውን ክፍል ከፍታ እያየች ነው። ምን ልበል? ወጥ ቤት ገብቼ ቆምኩ። ሻይ እያፈላሁ እየሰማሁ ነበር። ውሃው ፈልቶ አልቆ ሁለቴ ሞላሁት። ያች አሳዛኝ ዓሣ ሴት እና ወጣቱ ቄስ የደረሱበት ቦታ ላይ በሩ ጋ ቆሜ ተያዝኩ።

አቋሜ አልተቀየረም። ደብዳቤው ዛሬም ያናድደኛል። ፊልሙ ግን፣ እውነት ለመናገር፣ ከእሱ ይልቅ የሚያናድደው የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ተዋናይ ኦርላንዶ ብሉም የሌለበት መሆኑ ነው።

ለንደን_ጭጋግ

ከነታንያ፣ በጋዛ ጉዳይ እኔና አንተ አንስማማም። ሻይዋን ግን ወደድኳት።

የቤቱ_ጠባቂ

ቤተሰብ፣ ስለ ጋዛ ሌላ ክር አለ። እዚህ ወንበዴዎቹ ላይ እንቆይ። ሁለት መልስ አጥፍቻለሁ፣ ባለቤቶቹ ያውቃሉ።

ሜልቦርን_በረንዳ

ፖለቲካና አምስተኛው ክፍል ካላችሁ የውሾቹን ታሪክ እንዴት ረሳችሁ?

ፊልሙ የተቀረጸው እዚህ አውስትራሊያ፣ ኩዊንስላንድ ነው። በ2015 ዴፕና ኸርድ በግል አውሮፕላን ሲመጡ ፒስቶልና ቡ የሚባሉ ሁለት ትናንሽ ውሾቻቸውን ሳያስመዘግቡ አስገቡ። አውስትራሊያ ደግሞ ከውጭ በሚገባ እንስሳ ቀልድ አታውቅም። እኔ ስመጣ እናቴ የቋጠረችልኝን ሽሮ ኤርፖርት ላይ ሦስት ሰው ቆሞ ነው ያየው። የግብርና ሚኒስትሩ ባርናቢ ጆይስ ካሜራ ፊት ቆሞ ውሾቹ ካልወጡ ይገደላሉ አለ። ሃምሳ ሰዓት ሰጣቸው። ውሾቹ ተሳፈሩ።

በ2016 ኸርድ ሰነድ ላይ የተሳሳተ መረጃ በመስጠት ጥፋተኛ ነኝ ብላ ቀለል ባለ ነገር ታለፈች። ሁለቱ ተቀምጠው ስለ አውስትራሊያ ተፈጥሮ የሚናገሩበት የይቅርታ ቪዲዮ ወጣ። የዴፕ ፊት ላይ ያለውን ሞት ማየት አለባችሁ። ኦስካር ያላገኘበት ምርጥ ትወናው እሱ ነው።

ጨዋታው ግን ገና ነው። በ2017 ያው ሚኒስትር ራሱ በአባቱ በኩል የኒውዚላንድ ዜጋ ሆኖ ተገኘ። ጥምር ዜግነት ያለው ሰው ፓርላማ አይቀመጥም ተብሎ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ወንበሩን ነጠቀው። ሳይመዘገብ የገባው ማን እንደሆነ እናንተ ፍረዱ።

ዶሮ_ማነቂያ

😂😂 ይኼ ራሱን የቻለ ክፍል ስድስት ነው።

ስክሪፕት_ሠሪ

እስቲ ወደ ፊልሞቹ ልመልሳችሁ። የእህታችን የመጀመሪያ ጥያቄ እኮ አልተመለሰም።

እኔ ለአገር ውስጥ ፊልም እጽፋለሁ። ሰው ቀጣይ ክፍሎቹ ለምን ተዳከሙ ሲለኝ አንድ መልስ አለኝ። ጃክ ስፓሮው በርበሬ ነው። ወጥ አይደለም።

የመጀመሪያውን እዩት። ታሪኩ የማን ነው? የአንጥረኛው ዊልና የገዢው ልጅ የኤልሳቤጥ። የሚፈልጉት ነገር አለ፣ የሚያጡት ነገር አለ። ጃክ በመሀል እየገባ ያምሰዋል። ምን እንደሚፈልግ ስለማናውቅ ነው የሚያስቀን። ዲዝኒዎቹ ገና ሲቀረጽ ፈርተውት ነበር፣ ሰክሯል ወይስ ምንድን ነው ብለው። ዴፕ አካሄዱን ያመጣው ከሮሊንግ ስቶንሱ ኪት ሪቻርድስ ነው። ለዚያ ሚና ለኦስካር ታጨ። የመናፈሻ መጫወቻ ላይ ተመሥርቶ በተሠራ ፊልም ለኦስካር መታጨት ቀላል ነገር አይደለም። ዲዝኒላንድ ውስጥ ከ1967 ጀምሮ ያለ የጀልባ መጫወቻ ነበር እኮ።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ውስብስብ ናቸው። ሁሉም ሁሉንም ይከዳል። ሦስተኛው ላይ ማን ለማን እንደሚሠራ ወረቀት ይዤ ነው የተከታተልኩት። ግን ዴቪ ጆንስ አለ። ቢል ናይ ፊቱ ላይ ነጠብጣብ ተለጥፎበት ተጫውቶ፣ ኮምፒውተር ኦክቶፐስ አለበሰው። ያ ጢም ዛሬም ሲንቀሳቀስ ሕያው ይመስላል። ሁለተኛው ክፍል በምስል ጥበቡ ኦስካር የወሰደው በከንቱ አይደለም። እዚያ ፍጡር ዓይን ውስጥ ሐዘን አለ። ለእኔ ዳይሬክተሩ ጎር ቨርቢንስኪ እነዚህን ሦስቱን ሠርቶ ሲሄድ የሄደው ይኼ ነው፦ ቆሻሻው፣ ዝናቡ፣ የመርከቡ እንጨት ሽታ።

አራተኛው ላይ ወጡን ደፍተው በርበሬውን በሳህን አቀረቡልን። ጃክ ዋና ሰው ሆነ። ዋና ሰው ደግሞ ቢያንስ አንድ ነገር ከልቡ መፈለግ አለበት። ጃክ ከልቡ የሚፈልግ ከሆነ ጃክ አይደለም። አምስተኛው ደግሞ ዊልና ኤልሳቤጥን በልጃቸውና በሌላ ልጅ ተክቶ የመጀመሪያውን ለመድገም ሞከረ። ጃክ እዚያ የእውነት ሰካራም ነው፣ ሰካራም የሚመስል ብልጥ መሆኑ ቀርቷል። ባርደም ብቻውን ይታገላል።

እንግዲህ ትራምፕን ሰደበ አልሰደበ፣ አራተኛውን የገደለው እሱ አይደለም።

አሌክሳንድሪያ_22

በዚህ ተረታሁ። በርበሬው ትክክል ነው። አራተኛውን ሲኒማ ቤት ተኝቼበታለሁ፣ ያውም በሦስት ዲ መነጽር።

ግን አንድ ነገር ልጨምር። ቁጥር ወዳድ ሰው በፖለቲካ ፊልም አይተውም አለ። ፊልም ግን በፖለቲካ ይቆረጣል። ሦስተኛው ክፍል ቻይና ሲገባ የሲንጋፖሩን ወንበዴ የሚጫወተውን የቾው ዩን-ፋትን ትዕይንት ሳንሱር ቆርጦታል። ቻይናዊውን በመጥፎ ያሳያል ተብሎ። ያው ሰውዬ በ2014 የሆንግ ኮንግ ተማሪዎች ሲነሱ ከእነሱ ጎን ቆሞ ተናገረ። እኔ ትኬት አልቆርጥም ማለቴና መንግሥት ፊልሙን መቁረጡ ይለያያል። የእኔ ምርጫ ነው፣ የሌላ ሰው ዓይን አልሸፍንም።

መምህር_ዘባሕር

ይኼን ወድጄዋለሁ። ወንድምየው ግን የእህቱን ልጅ ዓይን ሊሸፍን ነው የተነሣው። እሱን ነው የማልቀበለው።

የሳሪሷ_እናት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በሦስት ቀን ውስጥ ይኼን ሁሉ መልስ አልጠበቅኩም። ቅዳሜ የሆነውን ልንገራችሁ።

ሁለተኛውንና ሦስተኛውን አስጫንኩ። ሰው በላዎቹ ጋ ስንደርስ አቆምኩትና ስለ ካሊናጎዎቹ ለልጄ ነገርኩት። «እሺ» አለ። ከዚያ «እና አሁን ማጫወት ትችያለሽ?» አለኝ። ለንደን ጭጋግ፣ የምችለውን አድርጌያለሁ።

የሦስተኛው መግቢያ ላይ አብሬው ተቀመጥኩ። አያቱም ነበረች። እንግሊዝኛውን አትሰማም፣ ልጁን በርሜል ላይ ሲያቆሙት ግን ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «ምን አድርጎ?» አለች። የሚነበበውን ተረጎምኩላት፣ አንድ በአንድ። ዝም ብላ ሰማችኝና «ይኼንን እኔ አውቀዋለሁ» አለች። ሌላ አልተናገረችም። ፊልሙን እስከ መጨረሻው አየችው። እናቴ ፊልም ጨርሳ አታውቅም።

መሀል ላይ ወንድሜ በቪዲዮ ደወለ። ስልኩን ልጄ አንሥቶ ወደ ቲቪው አዞረበት። ይጮሃል ብዬ ስጠብቅ «የትኛው ክፍል ነው? አዙሪቱ መጣ?» አለ። ለካ መርከቦቹ ውኃ አዙሪት ውስጥ የሚዋጉበትን ትዕይንት ይወደዋል። አራተኛውንም በ2011 ሁለቴ ገብቶ አይቶታል። ያኔ ቂም አልነበረማ። እህቴ ይኼንን ስትሰማ ግሩፑ ላይ ምን እንደጻፈች አልነግራችሁም።

ልጄ ጃክ መሆኑን ትቷል። አሁን የአያቱን ነጠላ አገጩ ላይ አስሮ፣ ዘርፉን እያወዛወዘ፣ ዴቪ ጆንስ ነኝ እያለ ነው።

ፊልም_ጫኚው

እህቴ፣ ፍላሹ እኔው ጋ ቀርቷል። አራተኛውን ልጫን ወይስ ይቅር?

ስክሪፕት_ሠሪ

ይቅር!

ከነታንያ

ጫንላት። የዓሣዋ ሴት አለች።

የሳሪሷ_እናት

ጫን። ወንድሜም ልኪልኝ ብሏል።